ወተት፣ ቅቤና በግ ለሚጫንባት መኪና፦ የቱ ማጽጃ ይሻላል?

ከመንዝ ወይም ከባሶና ወራና ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ መኪና ባዶውን አይሄድም። ወተት በጀሪካን፣ ለጋ ቅቤ በላስቲክ፣ አረቄ በጠርሙስ ይጫናል። የበዓል ሰሞን ደግሞ ከኋላ በግ አለ። ስለዚህ ይፈሳል፣ ይሸታል። ሱቅ ስትገቡ የሚቀርብላችሁ ብዙ ነው፤ ላቫጆው ደግሞ "ሙሉውን ልጠበው" ይላችኋል።

እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በኋላ ይደርቃል ወይ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ብርቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ውሃ የጠጣ የወንበር ስፖንጅ በዚህ አየር ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ከቆየ ይሻግታል፣ ሽታውም ከወተቱ ይብሳል። ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የታጠበ ወንበር ቶሎ ይደርቃል፤ የፈሰሰ ወተትም የዚያኑ ያህል ቶሎ ይበላሻል። ደብረ ብርሃን ላይ ምንም ያልሸተተ መኪና ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ መሽተት የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሙቀቱ የተደበቀውን ያወጣዋል።

ሙሉ እጥበት ወይስ ቦታውን ብቻ?

ለደጋ ነዋሪ በክረምት ሙሉ የወንበር እጥበት አልመክርም። በበጋ፣ ጠዋት ገብቶ ቀኑን ሙሉ በሮቹ ተከፍተው ፀሐይ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ላቫጆ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ውሃውን መልሶ የሚስብ ማሽን አላችሁ? ብሩሽና ባልዲ ብቻ ከሆነ ውሃው ስፖንጁ ውስጥ ይቀራል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ቦታውን ብቻ ለማጽዳት ላርጎ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ባለቀለም ጨርቅ ቀለሙን ወንበሩ ላይ ሊለቅ ይችላል። ላርጎውን ውሃው ላይ ጥቂት ጠብ አድርጉ፤ ከውጭ ወደ መሃል እየተጫናችሁ አንሱት እንጂ አትፈትጉት።

ወተት

ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ከላይ ሲደርቅ ያለቀ ይመስላል፤ ስፖንጅ ውስጥ የገባው ግን ይኮመጥጣል፣ ስቡም ይበላሻል። ፈጥናችሁ በደረቅ ጨርቅ ምጠጡት። ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፤ ፕሮቲኑን ጨርቁ ላይ ያረጋዋል። ቀጥሎ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበትና አሳድሩት፣ ከዚያ ጥረጉት። ሶዳ ርካሽ ነው፣ የወተቱን ኮምጣጣነት ይገድለዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ አይጨምርም። ለደጋ የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው።

ከሰል ከሶዳ ጋር ሲነጻጸር ዝግተኛ ነው። እድፍ አያነሳም፣ አየሩ ላይ ያለውን ሽታ ብቻ ይይዛል። የምድጃው ከሰል ትንሽ ይረዳል። ለሽታ ተብሎ ተዘጋጅቶ በከረጢት የሚሸጠው ግን በጣም ይበልጠዋል፤ ቀዳዳው እጅግ የበዛ ስለሆነ ብዙ ይይዛል። ግዙት ብዬ የምመክረው ምንጩ ከጸዳ በኋላ ለሚቀር ሽታ ነው።

ቅቤ

እዚህ ላይ ብርዱ ወዳጃችሁ ነው። ቀልጦ ከፈሰሰ በሶዳ ወይም በዱቄት ሸፍናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ በማንኪያ ጫፍ ፍቃችሁ አንሱት፣ የቀረውን በላርጎ ጨርሱ። በቆላ ግን ቀልጦ ሳይሰርግ መሽቀዳደም ነው።

የበግ ሽንት፦ አቼቶ ወይስ ኢንዛይም?

አቼቶ በየሱቁ አለ። በውሃ እኩል አቅጥናችሁ ብትጠርጉበት አዲስ ሽንትን ጥሩ አድርጎ ያለዝባል። ለቆየ ሽንት ግን ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ይበልጣል፤ ለሽታው መነሻ የሆነውን ቆሻሻ ይፈረካክሰዋል። ችግሩ ሁለት ነው። በቀላሉ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ደግሞ ብርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ እኩለ ቀን ላይ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ተጠቀሙበት። በረኪና ግን አይነካ። የወንበሩን ቀለም ይበላል። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይህ ጨዋታ አይደለም።

መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ሽቶስ? ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ወተትና ቫኒላ ሲቀላቀሉ ተሳፋሪ ያስታውካሉ። መጨረሻ ግዙት። የኦዞን ማሽን ለሲጋራ ሽታ ይሠራል፤ ሳንባ ስለሚጎዳ ግን ሲሠራ ማንም ውስጥ አይኑር፣ በኋላም በሮቹ ተከፍተው በደንብ ይናፈስ። ቤንዚን ከፈሰሰ የማጽጃ ምርጫ ይቆየን፤ በሮቹን ክፈቱ፣ እሳትና ሲጋራ አርቁ፣ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ማሽንም አትንኩት።

ፎደራ ለምትቀይሩ

የሌዘር ዓይነቱ ፎደራ ፈሳሽ ቶሎ አያሳልፍም፤ በጨርቅ ጠርጎ መገላገል ነው። ግን በደብረ ብርሃን ጠዋት በረዶ፣ በሸዋ ሮቢት ቀትር ምድጃ ይሆናል። የጨርቁ ይመቻል፣ የፈሰሰበትን ግን ይጠጣል። ወተትና በግ የዕለት ሥራችሁ ከሆነ ሌዘሩን ግዙ፣ ከኋላ ደግሞ ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። ለቤተሰብ ብቻ ከሆነ ጨርቁ ይሻላል፤ ግን ወልቆ የሚታጠበውን ምረጡ፣ የተሰፋበትን ተዉት።