አንድም ዲስክ ሳይቀይር ላዳነን ልጅ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ከጉድ ያወጣኝን ልጅ ለማመስገን ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠራው ለምኖኛል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የምሠራው አዲስ አበባ ባለ አንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ነው። ፕሮክስሞክስ (አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ ማሽን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ላይ ሴፍን (ዳታን በብዙ ሰርቨሮች ዲስክ ላይ አባዝቶ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) የሚያሄዱ ሦስት ሰርቨሮች አሉን፣ በእያንዳንዳቸው 4 ዲስክ። ዳታው በሦስቱም ላይ አንድ አንድ ቅጂ አለው። የአይቲ ክፍሉ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ኃላፊውም እኔው።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ ስክሪኑ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። የሦስተኛው ሰርቨር ዲስኮች ይጠፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይጠፋሉ። አራቱም ሲጠፉ የጎደለው ቅጂ 33.3 በመቶ ይደርሳል። የሒሳብ ሲስተሙ ግን እየሠራ ስለሆነ ማንም አላወቀም። ላብ ያጠመቀው እኔን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠራሁት ባለሙያ «ዲስኮቹ ሞተዋል፤ አጥፍተን እንደ አዲስ እናስገባቸው» አለኝ። ልስማማ ትንሽ ነበር የቀረኝ። አንድ ጓደኛዬ ነው «ቆይ፣ እጅህን ሰብስብ» ብሎ የዚህን ልጅ ቁጥር የላከልኝ።

መጣ። ኪቦርድ ሳይነካ «ጋሼ፣ ባካፕ አላችሁ?» አለ። የሦስት ሳምንት ነበር። አፈርኩ። የሒሳቡን ማሽን እዚያው ባካፕ አስወሰደኝ። ሴፍ ከ10 ደቂቃ በላይ የጠፋበትን ዲስክ ከጨዋታ አውጥቶ ቅጂውን ወደ ቀሩት ማዛወር ይጀምራል፤ ያንን ለጊዜው አገደው። ከዚያ ዲስኮቹን አንድ በአንድ መረመረ። ሁሉም ጤነኛ።

«ሰሞኑን ምን ቀየራችሁ?»

«ምንም» አልኩት፣ በሙሉ ልብ።

ዝም ብሎ ገመዶቹን ተከትሎ ሄደ። «ይሄ ስዊች አዲስ ነው?»

ነበር። ሰኞ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ የድሮው ተቃጥሎ፣ በገዛ እጄ ነው የቀየርኩት። ስዊች ሰርቨሮቹን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን ነው፤ ሦስተኛው ሰርቨር ከሌሎቹ ጋር የሚገናኘው በዚህኛው በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሮቻችን እርስ በርስ የሚላላኩት እስከ 9000 ባይት በሚደርስ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ነው። አዲሱ ስዊች ደግሞ ከ1500 በላይ እንዳያሳልፍ ሆኖ ነው የመጣው። እኔ ያን ማታ ፒንግ (ሰርቨሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ መሞከሪያ) ሳደርግ መለሰልኝ፤ ሰላም ነው ብዬ ወደ ቤቴ። ተራ ፒንግ ግን ትንሽዬ ናት። እሱ መንገድ ላይ እንዳይቆራረጥ አድርጎ 8972 ባይት (ከማሸጊያው ጋር 9000) ሲልክ ጭጭ። ዲስኮቹ «አለህ?» «አለሁ» የሚባባሉበት መልእክት ደግሞ ሆን ተብሎ 2000 ባይት እንዲሞላ ይደረጋል፣ እንዲህ ያለው ጉድ እንዲጋለጥ። ስለዚህ ሁለቱ ሰርቨሮች ሦስተኛውን ሞቷል ይላሉ፤ እሱ በሌላ መስመር «ኧረ አለሁ!» እያለ ይመለሳል።

ስዊቹ ላይ አንድ ቁጥር ቀየረ። አለቀ። ዲስኮቹ የድሮ ዳታቸውን ይዘው ስለተመለሱ ያመለጣቸውን ብቻ ቀዱ። ከምሳ በፊት አረንጓዴ ሆነ። ያገደውንም መልሶ ከፈተው፤ እኔ ብሆን እረሳው ነበር።

ዲስኮቹን አጥፍተን ቢሆንስ? በሁለት ቅጂ ብቻ ቆመን፣ በዚያው በተበላሸ ኔትወርክ ሁሉንም ከዜሮ ልንቀዳ! በዚያ መሃል ሌላ ሰርቨር ቢወድቅ ማሽኖቻችን በሙሉ ቀጥ ነበር።

ያስከፈለኝ የግማሽ ቀን ሒሳብ ነው። አንድ አመል አለችው፤ ስልክ አያነሳም። ቴሌግራም ላይ ከነስክሪንሾቱ ጻፉለት። «ምን ቀየራችሁ?» ሲላችሁ ደግሞ እንደኔ «ምንም» እንዳትሉት።