ቱባዬን ከባንዱ ላስታረቁልኝ ሰው

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አይለቀኝም።

ቱባ ስል የክሩን አይደለም። ብራስ ባንድ ውስጥ ከኋላ ሆኖ የሚያጉረመርመውን ግዙፉን የነሐስ መሣሪያ ነው። የኔው ቢ ፍላት በሚባለው ቅኝት የተሠራው ነው። ቱቦው ተዘርግቶ ቢለካ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ርዝመት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ማን ይወቅ!

ሁለት ዓመት ተሰቃየሁ። ወፍራሞቹ ድምፆች ላይ ስደርስ ድምፄ ከሌሎቹ ሽቅብ ይወጣል። መሪያችን ምንም አትለኝም፤ ብቻ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከስድብ ይብሳል።

ያልወሰድኩበት ጠጋኝ የለም። አንዱ ሳጥኑን እንኳ ሳይከፍት «ችግሩ ከንፈርህ ነው» አለኝ። ሌላው የተጣበቀውን ስላይድ፣ ማለትም ድምፁን ለማስተካከል ሳብ ገፋ የሚደረገውን ቱቦ፣ በፒንሳ ጎትቶ አጣመመውና ሂሳቡን አስከፈለኝ። ሦስተኛው ወር ሙሉ አቆይቶ ወልውሎ መለሰልኝ። አዎ፣ አበራ። እያበራ ያው ይስታል።

ከዚያ እኚህን ሰው ጠቆሙኝ። መፍቻ አላነሱም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ንፋ፣ ይሙቅ» አሉ። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል፤ በቀዝቃዛው መፍረድ ግፍ ነው አሉ። ሩብ ሰዓት ነፋሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይሄኛው ግን ለመስማት ነበር።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አሉኝ። ይህችን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ቫልቭ የሚባለው በጣት ሲጫኑት አየሩን ወደ ተጨማሪ ቱቦ የሚመራው ቁልፍ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ቫልቭ አብረው ሲጫኑ የሚጨመረው ቱቦ ከሚያስፈልገው ያጥራል፣ ድምፁም ይወጣል፤ የመሣሪያው ተፈጥሮ ነው። ብሌይክሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለዚሁ ጣጣ በ1874 እ.ኤ.አ. መላ አበጅቶለት ነበር። የኔው ያ የለውም። «ታዲያ አራተኛው ቫልቭ ለጌጥ መሰለህ?» ብለው ሳቁብኝ። በሁለቱ ፋንታ እሱን መጫን ነበረብኝ ለካ!

ከቫልቮቹ ላይ ያለቀ ነገር ቀየሩ፣ ሌላም ነካኩ። እሱ አልገባኝም፣ አልዋሽም።

ከዚያ የራሳቸውን ቱባ አንስተው አብረውኝ ነፉ። ድምፆቻችን ዋ-ዋ-ዋ እያሉ ተጋጩ። የኔን ስላይድ በጣት ስፋት ሳብ አደረጉት። መንቀጥቀጡ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። ረጋ። አንድ ሰው የነፋ መሰለ። እንባዬ መጣ ብል ትስቁብኛላችሁ።

በቀጣዩ ልምምድ መሪያችን ዓይኗን አልጨፈነችም።

ትራምፔትም ሆነ ትሮምቦን ያላችሁ፣ እባካችሁ ወደ እሳቸው ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ፒንሳ ይዞ ለሚቀበላችሁ ግን አትስጡ።