ሀዋሳ ላይ ክብደት ለመቀነስ ጂም ለምትፈልጉ

ታቦር ተራራ አካባቢ ስፖርት ስለምሰራባት ጂም ልንገራችሁ። ማሽኖቹ አዲስ አይደሉም፣ ቤቱም ጠበብ ይላል፣ አሰልጣኙ ግን ወርቅ ልጅ ነው። ስትመዘገቡ ኪሎ ለክቶ ዝም ብሎ ትሬድሚል ላይ አያወጣችሁም፣ ቁጭ አድርጎ ጠዋት ምን ትበላላችሁ፣ ሻይ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር፣ ቅዳሜ ቢራ አለ ወይ እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል። ከዛ የሾርባ ማንኪያ አውጥቶ ዘይት ሞልቶ ያሳያችኋል፣ ይቺ ብቻ 120 ካሎሪ አካባቢ ናት፣ 70 ኪሎ የሆነ ሰው እሷን ለማቃጠል ግማሽ ሰአት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት ይላል። እኔ ከዛ ወዲህ አሞራ ገደል አሳ ገበያ ስሄድ ጥብሱን ትቼ የአሳ ሾርባ ነው የማዘው፣ አሳው እኮ ፕሮቲን ነው ምንም አይልም፣ ጉዱ ያለው ሲጠበስ የሚጠጣው ዘይት ላይ ነው። ጾም ላይም ያው ነው፣ ሽሮው ዘይት ከፈሰሰበት ስጋ ስለቀረ ብቻ ኪሎ አይወርድም።

ትሬድሚሉ የሚጽፈውን ካሎሪ እንዳታምኑት ይላል፣ ማሽኑ ግምት ነው የሚያወጣው፣ ብረቱን ተደግፋችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ የምታቃጥሉት ከዛም ያንሳል።

በጣም የወደድኩለት ማንንም አያስርብም። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ በቀን 500 ያህል ከምግብም ከስፖርትም አጣምራችሁ ካጎደላችሁ በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል፣ ይበቃል ነው የሚለው፣ እራት ዝለሉ ምናምን የለም። ሴቶችንም ብረት ያስነሳል፣ በምግብ ብቻ ከቀነሳችሁ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳላ።

ጠዋት 12 ሰአት ላይ ግን ይጨናነቃል፣ ትሬድሚል ሁለት ብቻ ስለሆነ ቆማችሁ ወረፋ ትጠብቃላችሁ፣ ውሃ ከጠፋ ሻወር የለም፣ ይሄን ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል፣ የምንከፍለው ብር ቀላል አይደለም። መብራት ሲጠፋ ግን ሂዱ አይልም፣ ጉዱማሌ መናፈሻ ይዞን ወጥቶ በሐይቁ ዳር ያስሮጠናል።

ስኳር ወይ ደም ግፊት ያለባችሁ መጀመሪያ ንገሩት፣ ሐኪም ሳያያችሁ አያስጀምራችሁም። ሰው እንዳይበዛባችሁ ከፈለጋችሁ ከሰአት 9 ሰአት አካባቢ ሂዱ።