ከሰትል ዳገት እስከ ብሪድሊንግተን ባሕር፦ ብስክሌቴ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የጉዞ ብስክሌት ከገዛሁ ስምንት ወር ሞላኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። በአዘቦት ቀን ወደ ሥራ እመላለስበታለሁ፤ የገዛሁት ግን ለረጅም መንገድ ነው። አካሉ ብረት፣ ጎማው ወፍራም፣ ከኋላ ፖርቶመጋላ ያለው። ባዶውን 14 ኪሎ ይመዝናል። ፎቅ ተሸክሞ ማውጣት ያደክማል፤ ጭነት ሲጫንበት ግን አይወላገድም።

ዋናው ፈተና በሰኔ መጣ። ከጓደኛዬ ጋር «ዌይ ኦፍ ዘ ሮዝስ» (የጽጌረዳዎች መንገድ) የሚባለውን የብስክሌት መንገድ በአራት ቀን ጨረስን። ከሞርካም እስከ ብሪድሊንግተን፣ ከባሕር እስከ ባሕር፣ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙ የመጣው ከሁለት አርማዎች፣ ከላንካስተር ቀይ ጽጌረዳና ከዮርክ ነጭ ጽጌረዳ ነው።

ከሰትል መውጫ ያለው ዳገት ገና የከተማው ቤቶች ሳያልቁ ይጀምራል። ቀጥ ያለ ነው፤ ልብ ያፈርሳል። የእኔ ብስክሌት ከፊት ትንሹ ማርሽ 30 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። እያዘገምኩ፣ ግን ሳልወርድ ወጣሁት። ጓደኛዬ የያዘው ቀላል የውድድር ብስክሌት ነው። ጉልበቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ግን ግማሽ ላይ ወርዶ ገፋ። ማርሹ አልፈቀደለትማ! ለዚህ አገር ብስክሌት የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ጥርሱን ቁጠሩ።

በርንሶል ወንዙ ዳር ሻይ ጠጣን። በጎቹ፣ የድንጋይ ካቡ፣ ጸጥታው... እዚያ ማደር አምሮኝ ነበር።

ሰው የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው። እኔን ያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ከግሪንሃው ወደ ፔትሊ ብሪጅ ስንወርድ ዝናብ ያዘን። 15 ኪሎ ጭነት ከኋላ ይገፋኛል። ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ በገመድ የሚሠራ። ያዘልኝ፤ ግን እጀታው መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ታች ደርሰን ስናየው የኋላው የፍሬን ሸራ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ዝናብና ደቃቅ አሸዋ ሲቀላቀሉ እንደ ሞረድ ይበሉታል። ደግነቱ ቅያሪ ይዤ ነበር፤ ታዛ ሥር ቆመን ቀየርነው። አሁን ብረት የተቀላቀለበትን ሸራ ነው የምጠቀመው። ሲረጥብ ይጮኻል፤ ግን ቶሎ አያልቅም።

ሌላው እንከን ብሎኑ ነው። ዮርክ ውስጥ የድንጋይ ንጣፉ ሲያንቀጠቅጠን የፖርቶመጋላው አንድ ብሎን ላልቶ ወደቀ። ሻንጣው ጎማው ላይ ሊደፋ ሲል ደረስንበት፤ በሽቦ አስረን ቀጠልን። ቤት ስገባ ሁሉንም የማይላላ ዳዶ አስገባሁላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም አልላላም።

ብሪድሊንግተን ስንደርስ እንደ ልማዱ የፊት ጎማችንን ባሕሩ ውስጥ ነከርን። ጨው ለካቴና ጠላት ነው። ያን ማታ ባረፍንበት ቤት ግቢ በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀባሁት። ካቴናው እስከ ዛሬ አልተቀየረም።