ከደመናው ፊት ለተመለሱት ካፒቴን ምስጋና፣ ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ለምትመጡም ጥቆማ

ለሥራ ወደ ፓፑዋ ኒው ጊኒ የምትመጡ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ ነርሶችና የርዳታ ሠራተኞች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ወደ ተራራው የምትገቡ ከሆነ በማፍ አውሮፕላን ግቡ። ወደ ሩቅ መንደሮች የሚበር የክርስቲያኖች የበረራ ድርጅት ነው፤ ሙሉ ስሙ ሚሽን አቪዬሽን ፌሎውሺፕ ነው፤ እዚህ አገር ግን ሁሉም ማፍ ነው የሚለው። ጊዜ የሌላችሁ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ለምን እንደምል ስሙኝ።

ነርስ ነኝ። ክትባት ይዤ በዚህ አገር ተራሮች ውስጥ መመላለስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ሞርስቢ ወደ ደጋው የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። ከፍተኛው ተራራ ዊልሄልም 4,509 ሜትር ነው፤ ከእኛው ራስ ደጀን ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው ማለት ይቻላል። ግን የስሜንን ደረቅ ብርድ እንዳታስቡ። ይህ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ጭጋግና የማያባራ ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ብታገኝ፣ እዚህ ታቡቢል የምትባለው ከተማ ከ7,000 በላይ ይወርድባታል። በአንዲት አገር ከ800 በላይ ቋንቋ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን ገደል ያየ ሰው አይገረምም። የጋራ መግባቢያቸው በሆነው በቶክ ፒሲን ቋንቋ አውሮፕላን «ባሉስ» ይባላል፣ ርግብ ማለት ነው። ለብዙ መንደር ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ይኸው ርግብ ብቻ ነው።

ማረፊያው ደግሞ የምታውቁት ዓይነት አይደለም። ከተራራ ጎን ላይ የተቆረጠ ሣር ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ እየሮጠ ያርፋል፣ ቁልቁል እየሮጠ ይነሣል። ከላይ በኩል ተራራው ግድግዳ ሆኖ ስለሚቆም፣ ለማረፍ አንዴ ከቀረቡ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም።

ማፍን ከማግኘቴ በፊት ያየሁትን ልናገር፤ የማንንም ስም ግን አልጠራም። አንደኛው ድርጅት ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ተቀብሎ አራት ቀን ሜዳ ላይ አስቀመጠን። «ነገ ጠዋት» ይሉናል፤ ጠዋት ይነጋል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የሚመጣ የለም። በአራተኛው ቀን ስልካቸውን ማንሣት ተዉ። የክትባቱን ሳጥን ከፍቼ እጄን ስከት በረዶው ውኃ ሆኖ፣ ውኃውም ለብ ብሎ አገኘሁት። ያን ክትባት ሽተው ሁለት ቀን በእግራቸው የተጓዙ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ተመለሱ። እናቶቹ ዐይኔን እያዩ ነው የሄዱት። ከገንዘቡ ግማሹ ከስንት ወር ልመና በኋላ ተመለሰ። «ይቅርታ» የሚል ቃል ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። ሰውም ዕቃም በግምት ተጫነ፣ ማንም አልተመዘነም፤ ጆንያ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነው የበረርኩት። እኩለ ቀን ላይ አብራሪው ቀጥ ብሎ ደመና ውስጥ ገባ። በመስኮቱ ነጭ ነገር ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያ በድንገት ዛፍ መጣ፤ ከክንፉ ሥር፣ በጣም ቅርብ፣ የቅጠሉን ቅርጽ ለይቼ አየሁት። ስናርፍ አብራሪው ዞሮ «ደረሳችሁ አይደል?» ብሎ ሳቀ። ለሳምንታት ሌሊት ዐይኔን በከደንኩ ቁጥር ያ ቅጠል ይመጣብኝ ነበር። ሥራውን ትቼ አገሬ ለመግባት ወስኜ ደብዳቤዬን ጽፌ ነበር።

ደብዳቤውን ሳልሰጥ የቀረሁት በእኒህ የማፍ ካፒቴን ምክንያት ነው።

ቴሌፎሚን ከምትባለው የተራራ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር ለክትባት ገብቼ ሳለ፣ ምጥ ሁለተኛ ቀኗን የያዘች እናት በቃሬዛ ወደ ጤና ኬላው አመጡ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ እኛ ጋ ደግሞ ያለው ግሉኮስና ጥቂት መድኃኒት ብቻ ነው። በሬዲዮ ጥሪ አደረግን። ከሰዓት በኋላ የሞተር ድምፅ ተሰማና ሕፃናቱ «ባሉስ ኢ ካም!» እያሉ፣ አውሮፕላን መጣ እያሉ ወደ ሜዳው ሮጡ። ግን ደመናው ተዘግቷል። ድምፁ ከላያችን አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ከዚያ እየራቀ እየራቀ ጠፋ። የእናቲቱ ባል ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። እኔም እዚያው ቆሜ በአማርኛ አብራሪውን ረገምኩ። ካፒቴን፣ አማርኛ ባይሰሙም ስለዚያ እርግማን ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው ተናገረ። ረጋ ያለ፣ ዕድሜ ያለው ድምፅ ነው። በሚቀጥለው ሸለቆ ሜዳ ላይ አርፈዋል፤ እዚያው ሊያድሩ ነው። «ዛሬ መግቢያው ተዘግቷል። ነገ ጎሕ ሲቀድ እመጣለሁ። ለእናቲቱ ንገሪልኝ፣ አልሄድኩም በይልኝ» አሉ።

አልሄድኩም በይልኝ። ሄጄ ነገርኳት። እጄን ይዛ ሳትለቅ አደረች። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ በሣር ክዳኑ ላይ ሲወርድ፣ እኔም ያንኑ ቃል ለራሴ ስደጋግም ነጋ።

ጠዋት ሰማዩ ተከፍቶ ደመናው ከሥራችን ሸለቆው ውስጥ እንደ እርጎ ረግቶ ነበር። ሕፃናቱ አሳማዎቹን ከሜዳው ሲያባርሩ አውሮፕላኑ መጣና ሽቅብ ሮጦ ከላይ ጠርዝ ላይ ቆመ። ሽበት የወረራቸው የዚሁ አገር ሰው ወረዱ። ሰላምታ ሰጡንና ማንንም ሳያዋክቡ ሜዳውን እስከ ታች በእግራቸው ሄዱበት። በየጥቂት እርምጃው ቆም እያሉ መሬቱን በተረከዛቸው ይጫኑታል። አንድ ቦታ ላይ ረግረግ ሲልባቸው እንጨት ተከሉበት። ተመልሰው መቀመጫዎቹን አስወጡ፣ ለሱቅ የመጣውን ሩዝ አወረዱ፣ እኔንም ባልየውንም መዘኑን፤ የእናቲቱን ክብደት ግን ከነቃሬዛዋ ከፍ አድርገው ገመቱ። ስለ ሞተሩና ስለ መሣሪያው ብትጠይቁኝ የማውቀው የለም። ያ ተረከዝ ግን በቂዬ ነው።

ልረሳው የማልችለው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ካፒቴኑ ጭቃው ላይ ተንበርክከው በቶክ ፒሲን ያናግሯት ጀመር። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። «መጀመሪያ በጣም ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ጥሩ ነው። ከዚያ ቁልቁል እንሮጣለን፣ ሆድሽ ወደ ላይ የሚመጣ ይመስልሻል። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል፤ ያኔ በርረናል ማለት ነው።» ይህን ሁሉ ቀስ ብለው፣ በጣታቸው ተራራውን እያሳዩ ነገሯት። ቀና ሲሉ እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩ። ምንም ሳይሉኝ ያንኑ ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ ጊዜ ደገሙት። ያን ጊዜ ለእኔ እንደነገሩኝ ገባኝ።

አጭር ጸሎት አደረጉ፤ እኔም በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። ጮኸ፣ ሮጠ፣ ሆዴ ወደ ላይ መጣ፣ ድምፁ ተለወጠ። ልክ እንዳሉት። እናቲቱ ዐይኗን ከፍታ አየችኝ፤ በጣቷም ወደ ላይ አመለከተች። በእግር የስንት ቀን ገደል የሆነውን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አቋርጠን ታቡቢል ስናርፍ፣ አምቡላንሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። በሬዲዮ አስቀድመው ያስጠሩት እርሳቸው ናቸው። በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተወለደ።

ማታ ሚዛን ተፈሪ ላሉት አባቴ ደወልኩ። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ዳኮታ በሚባሉት አውሮፕላኖች ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ እነዚያው ዳኮታዎች ወደ ደቡብ ምዕራቡ የሣር ሜዳዎች እየገቡ ቡና ይጭኑ ነበር። አባቴ በልጅነታቸው ዳኮታው ከመድረሱ በፊት ከብት ከሜዳ ከሚያባርሩት ልጆች አንዱ ነበሩ። የአሳማዎቹን ነገር ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «የመጀመሪያው ቀን ደመና ሲያዩ ተመለሱ ነው ያልሽኝ?» «አዎ አባባ።» «እንግዲያውስ ከእርሳቸው ጋር ብረሪ፣ አልሰጋም።»

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ በማፍ ብረሩ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በዚህ አገር ተራሮች ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው፤ ዋና ጣቢያቸው ማውንት ሃገን ነው። ደመናው ቀትር ላይ ስለሚከማች የጠዋቱን በረራ ያዙ። ክብደታችሁን በእውነት ተናገሩ፣ ዕቃችሁንም አትደብቁ። በጉዟችሁ ላይ አንድ ትርፍ ቀን ጨምሩ። አብራሪው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አትለማመጡት፣ አትቆጡትም፤ እኔ የሠራሁትን ስሕተት አትድገሙ። በየሜዳው ሚዛን ይዘው የሚቆሙትን ወኪሎችና ሌሊት ሬዲዮውን የማይዘጉትንም አመስግኑልኝ። ያለ እነርሱ ያ ጥሪያችን ማን ጆሮ ይደርስ ነበር?

እናቲቱ ወደ መንደሯ ስትመለስ እኔም አብሬያት ነበርኩ፤ አብራሪውም እኒያው ካፒቴን ነበሩ። ተሳፋሪ ሁሉ ይመዘናልና እናትየዋ ተመዘነች፣ አባትየው ተመዘነ። ካፒቴኑ ሕፃኑን «ቢሉም» በሚባለው የተጠለፈ ከረጢት ውስጥ እንደተኛ ተቀብለው በእጅ በሚያዘው ሚዛን ላይ ሰቀሉት። መርፌው እስኪረጋ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር አውጥተው ከእኔ ስም በታች አዲስ መስመር ላይ ጻፉ፤ ስም ገና ስላልወጣለት «ሕፃን፣ 4 ኪሎ» አሉት። ወረቀቱን ለእናቲቱ ከፍ አድርገው አሳዩአት።

ካፒቴን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዬን ቀድጄዋለሁ።