ቅሬው ከሞት በኋላ ይድረስ ወይስ ከሞት በፊት?

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ ይደርሳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። ትልቅ ነገር ነው። ሟቹ ግን አያየውም።

ሌላው አማራጭ በሽተኛው በሕይወት ሳለ መድረስ ነው። አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካላገላበጡት ገላው ይቆስላል። ይህን ሌሊቱን ሙሉ የምትሠራው ብዙ ጊዜ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት፤ ያውም ብቻዋን። የቅሬው ሰዎች ተራ ገብተው ቢያድሩላት እሷም ትንሽ ጋደም ትላለች። መዋጮው ደግሞ ለመድኃኒትና እስከ ደሴ ሆስፒታል ለትራንስፖርት ይሆናል።

ሕመሙ ሲበረታ ሐኪም ሞርፊን የሚባል የሚጠጣ ጠንካራ ማስታገሻ ሊያዝ ይችላል። እሱ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ ያስፈልጋል። እንግዲህ በድካም የዛለ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ያስታውስ?

አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው በጠና የታመሙትን የሚያስታምም ድርጅት ነርሶችን በሽተኛው ቤት ድረስ ይልካል። እኛ ጋ ነርስ ባይኖርም ጎረቤት አለ። ስለዚህ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቀብሩ ይቅር አልልም፤ ከድግሱ ግን ቀነስ አድርገን ለአስታማሚዋ እንስጥ።