ስልክ የማታነሳው ልጅ

የፍቅር ልብወለድ ብዙም አልወድም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን አይመርጥም። የምንከባከባቸው አዛውንቶች ከተኙ በኋላ እስኪነጋ የሚያነቃ ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ቡና ነው፤ ሌላው ጆሮ ላይ የሚሰካ መጽሐፍ። የትሬሲ ጋርቪስ ግሬቭስን «ዘ ገርል ሂ ዩዝድ ቱ ኖው» ያገኘሁት እንዲህ ነው። በእኛ ቋንቋ «ድሮ ያውቃት የነበረችው ልጅ» እንደማለት ነው። በ2019 የወጣ ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፤ ሦስት መቶ ገጽ ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ በስልኬ ተውሼ ሰማሁት። ከዚያ ደግሜ ላነበው ወረቀቱን ተዋስኩና ሦስት ሳምንት አሳልፌ መለስኩ። የቺካጎ ቤተ መጻሕፍት በዚያው በ2019 የመዘግየት ቅጣቱን ስላነሳ ማንም አልተቆጣኝም።

ታሪኩ ሁለት ጊዜ ላይ ይመላለሳል። አንዱ 1991 ነው፤ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቺካጎ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ተነድቶ በበቆሎ ማሳ መሀል የሚደረስበት ከተማ። አኒካ ሮዝ ሰው ያስጨንቃታል። የሚያረጋጋት መጽሐፍና ቼዝ ነው። ጆናታን የሚባል ልጅ ቼዝ ክበቡ ይመጣል፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ታሸንፈዋለች፣ በዚያው ልቡ ይሄዳል። ይዋደዳሉ። ከዚያ ከባድ ነገር ይደርስባቸውና ይለያያሉ። እሱ ወደ ኒውዮርክ ይሄዳል። ትከተለዋለች ተብሎ ሲጠበቅ ትቀራለች።

ሁለተኛው 2001 ነው። አኒካ ቺካጎ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆናለች። ዶሚኒክስ የሚባል ሱፐርማርኬት ገብታ በረዶ የሆነ እንጆሪ ስትፈልግ ከቀኟ በኩል አንድ ድምፅ በስሟ ይጠራታል። ጆናታን ነው። አግብቶ ፈትቷል።

እዚህ ጋ ፈገግ አልኩ። ዶሚኒክስ እስከ 2013 ነበር፤ እኔም አሜሪካ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሽንኩርቴን የገዛሁት እዚያ ነው። የምትሠራበትንም ትልቁን ቀይ ሕንፃ፣ ሃሮልድ ዋሽንግተንን፣ አውቀዋለሁ። የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ መታሰቢያ ነው፤ ጣሪያው ላይ ግዙፍ ጉጉቶች ተቀምጠዋል። የተከፈተው በ1991 ነው፣ ልክ የነአኒካ ፍቅር በተጀመረበት ዓመት። ደራሲዋ አስባበት ይሁን አይሁን እንጃ፤ እኔ ግን ወደድኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አኒካ ኦቲዝም አለባት፤ ተማሪ ሳለች ግን ማንም አያውቅም፣ እሷም አታውቅም። ይሄ ልብወለዱ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ አስፐርገር የሚለውን ስም ያስገባው በ1994 ነው። (በ2013 ስሙን አውጥተው ሁሉንም ኦቲዝም በሚለው ውስጥ ጠቀለሉት።) ስለዚህ በ1991 ተናጋሪና ጎበዝ የሆነች ልጅ ሐኪም ቤት ብትሄድ እንኳን ይህ ስም አይሰጣትም ነበር። «ግራ የገባት» ናት፣ በቃ። ደራሲዋ ይህንን ሳታስተምር ታሳየናለች። አኒካ ሰው የተናገረውን በቀጥታ ትወስዳለች። ቀልድ ያልፋታል። ዓይን ማየት ይከብዳታል። አንድ ክፍል አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ጃኒስ እንደ አስተርጓሚ ናት፤ የሰዎችን ነገር ለእሷ ትፈታላታለች። ከጆናታን ይልቅ ይህቺን ጃኒስን ነው የወደድኳት፤ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። አሜሪካ ውስጥ ዓይን አለማየት ወዲያው ይታያል፣ ያስጠይቃል። እኛ ጋ ያስመሰግናል። «አንገቷን የደፋች» እንላለን፣ «ጨዋ ልጅ»። ታናሽ እህቴ በዚህ ነው የተሸፈነችው። እንግዳ ሲመጣ ሲኒ አጠባ ጓዳ ትገባና አንዱን ሲኒ አሥር ጊዜ ታጥበዋለች፤ ሦስቴ ተገላብጦ መሳሳሙን ፈርታ ነው። እንግዶቹ «እንዴት ያለች ባለሙያ!» ይላሉ። እማዬ ደስ ይላታል። ሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ኦቲዝም የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ሴት፣ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ነው። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ ታይ ነበር። አላገናኘሁትም። የሚወራው መናገር ስለማይችሉ ሕፃናት ነው ብዬ ነበር የገባኝ።

እሷም ጆናታን ነበራት። አብሯት የተማረ፣ ረጋ ያለ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው እሱ ክፍለ ሀገር ተመደበ። ይደውላል፣ አታነሳም። ወር ሙሉ ደወለ። በመጨረሻ እኔ ጋ ደወለ። እኔም ያኔ ጠያቂም መላሽም ሆኜ «ወንድሜ፣ ተዋት፤ ብትፈልግህ ታነሳ ነበር» አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋ። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት።

ለዚህ ነው የአኒካን ምዕራፎች እየቆምኩ ያነበብኩት። የ1991ዋ አኒካ ስትቀር እሱ እንደተተወ ይቆጥረዋል። ውስጧ የሚሆነውን የምናየው እኛ ብቻ ነን። የሁለተኛ ዕድል ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ይቅርታ ላይ ያልቃሉ፤ አንዱ ይበድላል፣ ሌላው ይምራል። እዚህ ማንም ክፉ አልሠራም። ጥያቄው አኒካ ሌላ ሰው ሳይሸከማት ራሷ መምጣት ትችላለች ወይ ነው። በአሥር ዓመቱ ውስጥ አማካሪ ዘንድ ሄዳለች፣ የራሷን ስም አግኝታለች፣ ብቻዋን ቤት ይዛ መኖር ችላለች። ደራሲዋ «ፍቅር ፈወሳት» አለማለቷ ትልቅ ነገር ነው። የ2001ዋ አኒካ ያችው አኒካ ናት፤ ልዩነቱ ራሷን ማወቋ ነው።

ጆናታን ግን ትንሽ ጎሎኛል። በጣም ጥሩ ነው። ይታገሳል፣ ይረዳል፣ ይጠብቃል። እህቴን እወዳታለሁ፤ ግን አንድ ፊልም ለማየት አርባ ደቂቃ ወንበር ስታማርጥ ጮኼባታለሁ። ጆናታን አንድ ቀን «ኤጭ!» ቢል የበለጠ አምነው ነበር።

ትልቁ ቅሬታዬ መጨረሻው አካባቢ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን፣ ማንበብ የምትፈልጉ ዝለሉት። ምዕራፎቹ ላይ ወርና ዓመት አለ። ነሐሴ 2001 የሚለውን ሳይ፣ ጆናታን ደግሞ የኒውዮርክ ሥራ እንዳለው ሳስብ፣ ሆዴ ፈራ። የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994 ነው፤ እንቁጣጣሽ። ኒውዮርክ ላይ አውሮፕላኖቹ ሕንፃዎቹን ሲመቱ አዲስ አበባ ወደ አሥር ሰዓት ይሆን ነበር። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ዘፈን ልትዞር አልወጣችም። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አደይ አበባውን በአገዳው ርዝመት ከአጭር ወደ ረጅም ስትደረድር ነበር። ማታ ዜናው ሲመጣ ሁላችንም ጮኽን፣ እሷ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። እንዲህ ያለ ቀን ለአንዲት ልብወለድ ገጸ ባሕርይ ፈተና ሆኖ ሲቀርብ ትንሽ ይከብደኛል። አኒካን ለማስነሳት ያን ያህል እሳት አያስፈልግም ነበር። ዶሚኒክስ ውስጥ ዞራ «ሰላም» ማለቷ ይበቃኝ ነበር።

ያም ሆኖ አንብቡት እላለሁ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ባቡር ላይ ይነበባል። ቤታችሁ «ጨዋ» ወይም «ኩሩ» የምትባል ልጅ ካለች ደግሞ ቀስ ብላችሁ።

የጨረስኩ ቀን እህቴ ጋ ደወልኩ ልል ነበር። አልደወልኩም፤ ጻፍኩላት። ያኔ ለምን አላነሳሽለትም ብዬ። መልሱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጣ፦ «ስልክ ሲጮህ ምን እንደምል አላውቅም። ቢጽፍልኝ እመልስለት ነበር።»

ብዙ ቆየሁ። ከዚያ፣ ስለ አንቺ ዓይነት ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ልላክልሽ አልኳት።

«መጨረሻውን መጀመሪያ ንገሪኝ» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት።